ከሰዓት ሠሪው ኮርኒስ በላይ

የቤቱ ባለቤት ማስጠንቀቂያቸውን የሰጡኝ ሰኞ ጠዋት ደረጃው ላይ ነው። እኔ ከላይ ቆሜ፣ እሳቸው ከታች ሆነው። እንደዚያም ሆኖ ቁልቁል የሚያዩኝ ይመስለኝ ነበር።

"ቅዳሜ በአራት ሰዓት ራሴ መጥቼ ሰዓት ሠሪው ሱቅ ውስጥ እቀመጣለሁ" አሉኝ። "አንቺ እንደ ወትሮሽ ታስተምሪያለሽ። ከሰማሁ ክፍሉን ትለቂያለሽ፣ ካልሰማሁ ትቀመጫለሽ። ከዚህ በላይ ፍርድ ከየት ይመጣል?"

"እሺ እትዬ" አልኩ።

እኔ እሺ የምለው ስስማማ ብቻ አይደለም። ስፈራም፣ ሌላ ቃል ሲጠፋኝም እሺ ነው የምለው። ያን ቀን ግን አምኜበት ነበር። ፈተናው ቀጥተኛ ነው። አምስት ቀን አለኝ። ድምፅ ደግሞ እንደ ውሃ ነው፤ የሚወጣበት ቀዳዳ አለው፣ ቀዳዳውን ያገኘ ሰው ይደፍነዋል።

ክፍሏ ከሰዓት ሠሪው ሱቅ በላይ ያለች ናት። የጣውላ ወለል፣ ወደ መንገድ የሚያይ አንድ መስኮት፣ ስድስት ሰው በላብ ተጠምቆ ያወጣው አንድ ፒያኖ። ከዚያ በፊት ሁለት ዓመት ሙሉ ቫዮሊኔን በትከሻዬ አንግቼ ከቤት ቤት እየዞርኩ ነበር የማስተምረው። በሰው ሳሎን፣ ቴሌቪዥን እየጮኸ፣ እናትየው በየመሀሉ "ጨረሳችሁ?" እያለች። አሁን ሃያ ሁለት ተማሪዎች አሉኝ፣ የሚመጡትም እነሱ ናቸው። ይህን ክፍል ካጣሁ ፒያኖ የሚያስወጣ ደረጃ ያለው ሌላ የሚከራይ ክፍል በአካባቢው የለም፤ በእግሬ ዞሬ አይቼዋለሁ። ተመልሼ ዟሪ መሆኔ ነው።

የከሰሱኝ ሰዓት ሠሪው ናቸው። ተማሪዎቼ "ጋሼ ጸጥታ" ይሏቸዋል። ሥራ ላይ ስንረብሻቸው በመጥረጊያ እንጨት ኮርኒሳቸውን ሦስት ጊዜ ይመታሉ፤ ምቱ በቀጥታ እግራችን ሥር ይደርሳል። ዓመት ሙሉ ሱቃቸው ገብቼ አላውቅም። በበራቸው ሳልፍ አንገቴን ሰበር አድርጌ ሰላምታ እሰጣለሁ። እንጨቱ ሲበዛ ደግሞ ማታ ስወጣ "ይቅርታ ጋሼ፣ እናስተካክላለን" የምትል ብጣሽ ወረቀት በበራቸው ሥር እሰድና ቶሎ እሄዳለሁ። ሰባት ጊዜ ሰድጃለሁ።

በዚያው ሰኞ ከሰዓት ታላቅ ወንድሜ ደረሰልኝ። ወንድሜ ሶፋ ሠሪ ነው። በዓለም ላይ ያለ ችግር ሁሉ በስፖንጅ፣ በጨርቅ ወይም በማስቲሽ ይፈታል ብሎ ያምናል፤ እስካሁንም ብዙ አልተሳሳተም። ግማሽ ጋሪ ስፖንጅ ጭኖ መጣ።

"ሶፋ ላይ ሰው ዘሎ ሲቀመጥ ድምፅ ይሰማል?" አለኝ።

"አይሰማም።"

"ለምን?"

"ስፖንጅ ስላለው።"

"በቃ! ዩኒቨርሲቲ የገባሽው አንቺ፣ መልሱ ያለው እኔ ጋ።"

"ወንድም ጋሼ፣ ሶፋ እኮ ቫዮሊን አይጫወትም…"

"አንቺ ማስቲሹን ያዢ።"

ያዝኩ። እስኪመሽ አራቱንም ግድግዳ ስፖንጅ አለበስነው። ሲጨርስ መሀል ላይ ቆሞ አጨበጨበ። ጭብጨባው እጁ ላይ ሞተ። ክፍሉ ውስጥ ምንም የሚመልስ ነገር አልነበረም፤ የራሴ ትንፋሽ እንኳ ጆሮዬ ሥር ብቻ ቀረ። "አየሽ?" አለኝ፤ እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ተታለልኩ። ያን ሌሊት ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ።

ማክሰኞ ተሳቢ መጣ። ተሳቢ የምንለው ባለ ተጎታች መኪና የሚነዳውን ተማሪዬን ነው። በሩን ሲገባ ጎንበስ ይላል፣ ቫዮሊን ሲይዝ ማንኪያ የያዘ ይመስላል። ሃያ ዓመት ሞተር ሲጮህበት ከኖረ በኋላ እስቲ አንድ ቀን የራሴን ድምፅ ልስማ ብሎ ነው የጀመረው። በሥራው እንደሚነዳው ሁሉ ሲጫወትም ጥንቁቅ ነው፤ ቀስ ብሎ ይነሳል፣ ኩርባ ላይ ይቀንሳል።

ያን ቀን ግን አንድ መስመር ተጫውቶ ቀስቱን አወረደ።

"ቲቸር፣ ድምፄ የት ሄደ?"

"አለ፤ ይጫወቱ።"

"የለም እኮ። ከእጄ ሲወጣ ይጠፋል። ጆሮዬ ነው?"

ቀስቱን ጫን አደረገ። አሁንም አልበቃውም፤ ይበልጥ ጫነው። እኔም ፒያኖው ላይ ሆኜ የራሴን ጣቶች ስሰማ እንግዳ ሆኑብኝ፣ ድምፁ ጥጥ የተጎሰጎሰበት መሰለኝ፣ ሳላውቀው ቁልፎቹን ደበደብኩ። ሁለታችንም በሌለን የገደል ማሚቶ ፋንታ ጉልበት አፈሰስን። ሩብ ሰዓት አልሞላንም፣ እንጨቱ ከሥር መጣ። ሦስት ሳይሆን ስድስት ጊዜ።

"ጋሼ ጸጥታ ዛሬ አጨበጨቡልን" አለ ተሳቢ።

ስህተቱ የገባኝ ያኔ ነው። ስፖንጁ የሚውጠው ግድግዳ ነክቶ ወደ እኛ የሚመለሰውን ድምፅ ነው። ወደ ውጭ የሚሄደውን አያስቆምም፣ ስስ ነውና ያልፍበታል። ክፍሉ ዝም ሲለን ደግሞ እኛ ጮኽን። ድምፃችንን ልንደብቅ ብለን ተጨማሪ ድምፅ ፈጠርን። ትምህርት ቤት እያለሁ ይህን የሚያስረዳ ምዕራፍ አንብቤ በጥሩ ውጤት አልፌው ነበር። ሶፋ ሠሪ ወንድም ያለው ሰው ግን ምዕራፍ አያስታውስም።

ረቡዕ ጠዋት ግማሹን ስፖንጅ ላጥኩት። አንዱን ግድግዳ እንዳለ ተውኩት፣ ሌላው ላይ ራቅ ራቅ እያደረግኩ ጥቂት ቁራጭ አስቀረሁ፤ ክፍሉ ትንሽ እንዲመልስልን፣ እኛም እንዳንጮህ። ወንድሜ በስልክ ሲሰማ "ሥራዬን ገፈፍሽው?" ብሎ አኮረፈ። ከዚያ እውነተኛውን ሥራ ጀመርኩ። መጋረጃውን ጋርጄ ክፍሉን አጨለምኩና ኮሪደሩ ላይ የእጅ ባትሪ አበራሁ። ብርሃን የሚገባበት ሁሉ ድምፅ ይወጣበታል። በበሩ ሥር ጣት የሚያስገባ መስመር በራ። የመቃኑ ጎን ላይ ሌላ ቀጭን መስመር። ጥግ ላይ ያለው የውሃ ቧንቧ ወለሉን በስቶ በሚወርድበት ቦታ ደግሞ ተንበርክኬ ሳይ የሰዓት ሠሪው መብራት ከሥር ብልጭ አለብኝ። ዓመት ሙሉ ሙዚቃዬን በቧንቧ ቀዳዳ እያንቆረቆርኩላቸው ኖሬያለሁ።

ተሳቢ አሮጌ የውስጥ ጎማ አመጣልኝ። በስስ በስሱ ቆርጬ የበሩን ዙሪያ በማስቲሽ ለጠፍኩት፣ በሩ ሲዘጋ እንዲጠብቅ። ከሥሩ ወፍራሙን ቁራጭ መሬት እስኪነካ አደረግኩለት። የቧንቧውን ዙሪያ በሲሊኮን ሞላሁት። ፒያኖውን ከግድግዳው አላቀቅን፣ በየእግሩ ሥርም ከዚያው ጎማ አራት አራት ድርብ አስቀመጥን። ተሳቢ አንዱን ጫፍ ብቻውን ሲያነሳ ያን ጊዜ ላብ ያፈሰሱትን ስድስት ሰዎች አሰብኳቸው።

"ይሄ ጎማ ስንት አገር ያየ ነው" አለኝ ላቡን እየጠረገ። "አሁን ደግሞ ሙዚቃ ይማራል።"

ከሰዓት በኋላ ተማሪ እየተጫወተ ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ በሩን ዘጋሁ። ቫዮሊኑ ከሦስት ግድግዳ ወዲያ ያለ መሰለ። ደስ አለኝ። ገብቼ ፒያኖው ጋ ተቀመጥኩና ልበ ሙሉ ሆኜ አብሬ ገባሁ።

ዱም። ዱም። ዱም። እንጨቱ።

ሐሙስም እንደዚያው። ከልጅ እስከ ሽማግሌ ሁሉን "ቀስ በሉ፣ ለስለስ አድርጉ" አልኩ። አንዷ ተማሪዬ በጣም ከመለሳለሷ የተነሳ ቀስቷ ገመዱን ይንካ አይንካ አልለይ አለኝ። እንጨቱ አሁንም መጣ። ማታ ስምንተኛዋን ብጣሽ ወረቀት ጻፍኩ፤ ደረጃው ሥር ስደርስ ግን በእጄ ላይ አየኋት። አራት ቀን ሙሉ ከላይ ሆኜ ስደፍን፣ ስለጥፍ፣ ስገምት ከርሜ ነበር። ድምፁ የሚሰማው ግን ታች ነው። ጆሮ ያላቸውም እሳቸው ናቸው። ወረቀቷን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኳት።

አርብ ተሳቢ፣ የቅዳሜው ተረኛ እሱ ነበርና፣ ለፈተናው ሲል ተጨማሪ ሰዓት ጠይቆ መጣ። "ብቻዎን ይጫወቱ፣ እኔ ታች ሆኜ እሰማለሁ" ብዬው ወረድኩ። የሱቁን በር ገፋሁ።

ሱቁ ጠባብ ነው። በግድግዳው ሙሉ የተሰቀሉ ሰዓቶች፣ እያንዳንዱ የየራሱን የሚያወራ። ሰዓት ሠሪው ጎንበስ ካሉበት ቀና ብለው ዓይናቸው ላይ ያለውን ማጉያ ወደ ግንባራቸው ገፉት።

"ወረቀት ነው ያመጣሽው?"

"አይ ጋሼ። ዛሬ ራሴ ነኝ።"

"እሰይ! ድምፅ አለሽ ለካ። እኔ እኮ ልጅቷ ዱዳ ናት፣ ቫዮሊኑ ነው የሚያወራላት ብዬ አዝኜልሽ ነበር።" መሳቢያቸውን ሳቡ። ሰባቱም ወረቀቶቼ በቅደም ተከተል ተደርድረዋል። "ጽሕፈትሽ ያምራል። ግን ልጄ፣ ጽሕፈት ሰዓት አያስተካክልም።"

"ምን እንደሚረብሽዎት ልሰማ ነው የመጣሁት።"

ፊታቸው ትንሽ ላላ። አንድ የግድግዳ ሰዓት ወደኔ አዙረው ፔንዱለሙን ነካ አደረጉት።

"ስሚ። ቀጭ… ቋ። ቀጭ… ቋ። በመሀከላቸው ያለው ክፍተት እኩል መሆን አለበት። ወዲህ ሲሄድ ረዝሞ ወዲያ ሲሄድ ካጠረ ያነክሳል። የሚያነክስ ሰዓት ደግሞ ሳምንት ሳይሞላው ይቆማል። ይሄን በዓይን አታይውም፣ በመሣሪያም አልለካሁትም፣ አርባ ዓመት በጆሮዬ ነው። ዘንድሮ ሦስት ሰዓት እያነከሰ ተመለሰብኝ። ሦስት! በዕድሜዬ ሦስት ተመልሶብኝ አያውቅም። ደንበኞቹ ጋሼ አረጁ ማለት ጀምረዋል።"

ይህን ሲሉ እጃቸውን የሚያስይዙበት ነገር ፈለጉና ጠረጴዛው ላይ ያለ ብሎን አነሱ። እኔ ክፍሌን ብቻ ነበር የማስበው። እሳቸው ደግሞ ጆሯቸውን ያጡ መስሏቸዋል።

ከላይ ተሳቢ ጀመረ። ቫዮሊኑ በሩቅ መንገድ የሚያልፍ ሰው የሚያፏጨውን ያህል ተሰማ።

"ይሄ ነው?" አልኳቸው።

"ምኑ?"

"ቫዮሊኑ።"

"ይሄማ ምን አለው! ይሄ ከረቡዕ ወዲህ ሞቷል፣ ነፍሱን ይማረው። እኔ የምለው ዱብ ዱቡን ነው።"

"ዱብ ዱብ?"

"ዱብ። ዱብ። ዱብ። ቀጥ ያለ፣ አንድም የማይስት። ማክሰኞ ዝግ ይላል፣ ረቡዕ ከሰዓት ይፈጥናል። ሰው ቢሆን ልቡ ጤነኛ ነው እለው ነበር። ከሰዓቴ ምት ጋር ሲደባለቅ የቱ የማን እንደሆነ ይጠፋኛል።"

"አሁንስ አለ?"

ዓይናቸውን ጨፍነው ፊታቸውን ወደ ኮርኒሱ አነሱ። ረጅም ጊዜ አዳመጡ። "የለም" አሉ። "ይገርማል። ዛሬ ፈጽሞ የለም። ምን ለየው?"

እኔም አሰብኩ። ያው ተማሪ፣ ያው ቫዮሊን፣ ያው ክፍል። ዛሬ ላይ የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እኔ። ዓይኔን ዝቅ አደረግኩ።

የግራ እግሬ ተረከዝ ከተሳቢ ቀስት ጋር እኩል እየተነሳ ሲሚንቶው ላይ ያርፍ ነበር፤ ሲሚንቶ እንደ ጣውላ አያስተጋባም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ያዘዝኩት አይመስልም፤ የራሱ ሥራ ያለው ሰው ነው የሚመስለው። ጫማዬ ባለ ታኮ ነው። ክፍሉን የከፈትኩ ሰሞን አንድ አባት ልጁን ይዞ መጥቶ "አስተማሪሽ የት ናት?" ብሎ እኔኑ ስለጠየቀኝ ነበር የገዛሁት። ከዚያ ወዲህ ዓመት ሙሉ፣ በየትምህርቱ፣ በዚህ ታኮ ጣውላውን እንደ ከበሮ ስደልቀው ኖሬያለሁ። ተማሪዎቼን ሁሉ ቀስ በሉ፣ ለስለስ በሉ እያልኩ።

ሰዓት ሠሪው አሁንም ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ናቸው። እግሬን ሰብስቤ፣ ነገሩን ሆድ ይፍጀው ብዬ ወጥቼ፣ ነገ ስስ ጫማ ባደርግ ማንም አያውቅም ነበር። ጋሼም የገዛ ጆሯቸውን እንደጠረጠሩ ይቀራሉ።

"ጋሼ፣ ዱብ ዱቡ እኔ ነኝ" አልኩ።

ዓይናቸውን ከፈቱ። እግሬን ወደፊት ዘርግቼ ታኮውን አሳየኋቸው፤ አንዴ መታሁላቸው። ጫማውን አዩ፣ ኮርኒሱን አዩ፣ ተመልሰው ጫማውን አዩ። ከዚያ ያ ሁሉ ሰዓት የተሰቀለበት ግድግዳ እስኪነቃነቅ ሳቁ።

"የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት አንቺ ነሽ! እኔ ደግሞ ዓመት ሙሉ ያንን ምስኪን ሾፌር ስረግመው!"

"ጆሮዎ ግን ደህና ነው ጋሼ። አንድም አልሳቱም።"

"እሱንስ አሁን አወቅሁ" አሉና ማጉያቸውን መጥረግ ጀመሩ።

ወጥቼ ሞከርኩት። ፒያኖው ላይ ተቀምጬ በታኮዬ ስመታ እንጨቱ ወዲያው መለሰ፣ ሦስት ጊዜ፣ አሁን ግን እየሳቀ ይመስላል። ጫማዬን አውልቄ በካልሲ ስመታ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በስሱ። እግሬን ወንበሩ ሥር ቆልፌ ስይዘው፣ ዝም። እንደተፈታ ያወቅኩት ያኔ ነው። ደግሞም ያልተፈታው ብቅ አለ።

"ቲቸር፣ የት ገባሽ?" አለ ተሳቢ በመሀል ቆሞ።

"ይኸው አለሁ።"

"አለሽ ግን የለሽም። መንገዱ ጠፋኝ እኮ። አስፋልቱ ላይ ያለው ነጭ መስመር እንደተፋቀብኝ ነው።"

ሃያ ሁለቱም ተማሪዎቼ የሚሄዱት በእግሬ ነው ማለት ነው፤ እነሱም እኔም ሳናውቅ። የሚጮህ የምት መቁጠሪያ ባመጣ ሌላ ዱብ ዱብ መጨመር ነው። እንዲህ እያወራን በሩ ተንኳኳ። ሰዓት ሠሪው ደረጃውን ወጥተው እንደ እንግዳ በሩ ላይ ቆመዋል፤ በእጃቸው ጫፉ ላይ ጠብታ የሚመስል ነሐስ የታሰረበት ክር ይዘዋል።

"ሰማሁ" አሉ። "በሩን ክፍት ትታችሁታል። እኔ ያለ ድምፅ የሚቆጥር ነገር አለኝ።"

ወደ ውስጥ ገብተው ክሩን የመጋረጃው ብረት ላይ አሰሩና ጠብታውን ለቀቁት። ወዲያና ወዲህ፣ ያለ አንዳች ድምፅ። ሰዓቱ የሌለው ፔንዱለም። እኔ ነገሩን ከመጽሐፍ አውቀዋለሁ፤ ክሩ ሲያጥር ይፈጥናል፣ ሲረዝም ይዘገያል። እሳቸው ከእጃቸው ያውቁታል። እኔ ፒያኖው ላይ ፍጥነቱን ስሰጣቸው እሳቸው ክሩ ላይ ቋጠሮ እያሰሩ ሦስት ቦታ ለኩልኝ፤ ለዝግታው፣ ለመካከለኛው፣ ለፈጣኑ።

"ያነክሳል?" አልኳቸው።

"የኔ ሥራ አያነክስም" አሉ ኮስተር ብለው። ከዚያ ወደ ተሳቢ ዞረው፣ "አንተም ዓይንህን መንገዱ ላይ" አሉት።

ቅዳሜ በአራት ሰዓት የቤቱ ባለቤት ሱቁ ውስጥ ወንበር ተሰጥቷቸው ተቀመጡ። እኔ በካልሲ፣ ተሳቢ በአዲስ ሸሚዝ፣ ጠብታው መስኮቱ ላይ ወዲያ ወዲህ እያለ። ከመጀመሪያው መስመር አንስቶ ተጫወትን። አንድም ጊዜ "ቀስ በሉ" አላልኩም። አንድ ሁለት ጊዜ ተረከዜ ሊነሳ ሲል ጠብታውን አየሁና እግሬ ረጋ። ሦስተኛው መስመር ላይ ስንደርስ ተሳቢ ዓይኑን ከፔንዱለሙ ሳይነቅል ፈገግ አለ፣ ድምፁ ሞላ፣ ክፍሉም በትንሹ መለሰለት።

ሠላሳ ደቂቃ ካለፈ በኋላ ደረጃው ላይ የእርምጃ ድምፅ ሰማሁ። በሩ በጎማው ምክንያት እንደ መተንፈስ ብሎ ተከፈተ። የቤቱ ባለቤት ናቸው፤ ከኋላቸው ደግሞ ወሬ ሊያይ የመጣው ወንድሜ።

"ምነው አትጀምሪም እንዴ?" አሉኝ። "ሰውዬው ከሰዓታቸው በቀር ምንም አላሰሙኝ። ሌላም ጉዳይ አለብኝ እኮ።"

"ልንጨርስ ነው እትዬ" አልኩ።

ተሳቢን አዩት፤ ግንባሩ ላይ ላብ አለ። ቫዮሊኑን አዩ። የእኔን ካልሲ አዩ። ቦርሳቸውን በብብታቸው አጥብቀው፣ ስፖንጁን ሊነኩ፣ ቧንቧውን ሊያዩ፣ ጠቅላላ ክፍሉን ሊመረምሩ ወደ ውስጥ ዘለቁ። ጫማቸው ከኔው የባሰ ታኮ ነበረው። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ጣውላው ላይ።

ዱም። ዱም። ዱም።

የቤቱ ባለቤት በቆሙበት ደነገጡ። "ይሄ ምንድነው? ማነው?"

"ሰዓት ሠሪው ናቸው" አልኳቸው። "የሚያንኳኩት ለእርስዎ ነው እትዬ። እዚህ ጫማ በር ላይ ይወልቃል።"

ወንድሜ ወደ ግድግዳው ዞሮ የቀረውን ስፖንጅ በጥሞና መመልከት ጀመረ። ተሳቢ ቀስቱን ማጥበቅ ያዘ። የቤቱ ባለቤት ትንሽ አዩኝ፤ ዓመት ሙሉ "እሺ" ብቻ ስትል የሰሟት ልጅ ናት። ከዚያ አንድ እጃቸውን ፒያኖው ላይ አስደግፈው ጎንበስ አሉና ጫማቸውን አወለቁ፤ ጥንዱን በእጃቸው ይዘው በእግራቸው ጫፍ እየረገጡ በሩ ጋ አደረሱት።

"ወንበር ስጪኝ" አሉ በሹክሹክታ። "እስቲ የቀረውን ልስማ።"